እውነት ወይስ ተረት? ገዳይ ባል፣ ውርስና የልጆች ሞግዚትነት

ሴት በባሏ እጅ ስትሞት ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ሁሉ ሕግ አዋቂ ይሆናል። «ቤቱን ጠቅልሎ ይወስዳል» ይላል አንዱ፤ «ከእንግዲህ ልጆቹን በዓይኑ አያያቸውም» ይላል ሌላው። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሰው የሚሰጋው ለንብረቱ ነው፤ ሕጉ ክፍት የተወው ግን የልጆቹን ጉዳይ ነው።

ተረት፦ ባል የሚስቱ ወራሽ ነው።

አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ የሟች የመጀመሪያ ወራሾች ልጆቿ ናቸው ይላል። ልጅ ከሌላት አባትና እናቷ ይተካሉ። ባልም ሆነ ሚስት በዚህ ተራ ውስጥ የሉም። ይህን ሲሰሙ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በትዳር የኖሩ ሰዎች ሳይቀሩ። ከሞት የተረፈው ባል የሚወስደው ከጋራ ንብረቱ የራሱን ግማሽ ነው። ያ ድርሻ ቀድሞም የእሱ ስለነበር መግደሉ አያሳጣውም። የእሷ ግማሽ ወደ ወራሾቿ ያልፋል።

በኑዛዜ ትታለት እንደሆነ አንቀጽ 838 ይመጣል። ሟችን፣ ወይም የሟችን ተወላጅ፣ ወላጅ ወይም የትዳር ጓደኛ ሆን ብሎ በመግደል የተፈረደበት ሰው ለመውረስ የማይገባ ነው። «ወላጅ» የምትለዋ እዚያ የገባችው እንዲያው አይመስለኝም። እናቱን የወረሰ ሕፃን ልጅ ቢሞት ወራሹ አባቱ ነውና፣ የሟቿ ሀብት በልጁ በኩል ዞሮ ገዳይዋ እጅ በገባ ነበር። አንቀጹ ይህን መንገድ ዘግቶታል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ እዚህ ላይ አርቀው አይተዋል።

ተረት፦ እጁ ላይ ካቴና የገባ ዕለት መብቱ ሁሉ ይቀራል።

አንቀጹ የሚናገረው ስለተፈረደበት ሰው ነው። ምርመራው፣ ክሱ፣ ቀጠሮው እስኪያልቅ ሰውየው ተጠርጣሪ ነው፤ በቸልተኝነት ነው ተብሎ ከተፈረደበትም አንቀጹ አይነካውም። ገድሎ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ደግሞ ሙት አይከሰስምና ፍርድ የሚባል ነገር አይኖርም። ሌላም አለ። በአንቀጽ 827 መሠረት በሞት ምክንያት ለትዳር ጓደኛ ወይም ለዘመድ የሚሰጥ ጡረታና ካሳ ከውርስ ሀብት አይቆጠርም። ስለዚህ አንቀጽ 838 ብቻውን እዚያ አይደርስም። ማሻሻያ የሚያረቅ ሰው ይህን ባይዘነጋ መልካም ነው።

ተረት፦ ልጆቹ የእናታቸው ወገኖች ናቸው፤ እነሱ ይወስዷቸዋል።

በልማድ እንዲህ ይሆናል። አያት ከቀብር መልስ ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች፣ ማንም አይጠይቃትም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዲስ አበባና ድሬዳዋ በእሱ ይሠራሉ፤ ክልሎች የየራሳቸው አላቸው) የሚለው ግን ሌላ ነው። አባትና እናት በጋራ የልጆቻቸው አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው፤ አንዳቸው ሲሞቱ ሥልጣኑ በሕይወት ላለው ብቻውን ይቀራል። ሟቿ እንዴት እንደሞተች ድንጋጌው አይጠይቅም። ልጁ የት እንደሚኖር የሚወስነው አሳዳሪው፣ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ሞግዚቱ ነው። እንግዲህ አንቀጽ 838 ያን ያህል የተጠነቀቀለት የእናትየው ግማሽ ለልጁ ይተላለፋል፤ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው የሚያስተዳድረው ሰው ደግሞ ያው አባት ነው። በፊት ለፊት በር የተባረረ በጓሮ ገባ ማለት ይኸው ነው።

አያትየው ይህ የሚገባት የልጁን ጉዳይ ልታስፈጽም ቢሮ ስትሄድ ነው። ፓስፖርት ለማውጣትም ሆነ የእናቱን የባንክ ሒሳብ ለመጠየቅ «የሞግዚትነት ማስረጃ ይዘሽ ነይ» ትባላለች። በፍርድ ቤት ሌላ ሞግዚት ማሾም ይቻላል፤ ነገር ግን አመልካች ያስፈልጋል። የወንጀሉ ችሎት በአንድ ሕንፃ፣ የቤተሰቡ ችሎት በሌላ ነው፤ በመካከላቸው መዝገብ ተሸክማ የምትመላለሰው ልጇን የቀበረች ሴት ናት።

ደግነቱ መነሻ የሚሆን ፍርድ አለ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የመረመረው ክርክር፣ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ባሳደገች አክስትና በአባት መካከል ነበር። የሥር ፍርድ ቤቶች «በሕይወት ያለው ወላጅ ነው» ብለው ለአባት ፈርደው ነበር። ሰበር የሕፃናትን ደህንነት የሚያስቀድመውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ ሻረው። የግድያ ጉዳይ አልነበረም። ቢሆንም አባትነት ብቻውን መልስ እንደማይሆን ተናግሯል፤ የሰበር የሕግ ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ተረት፦ ጥላው ከወጣች ባሏ አይደለም።

ፍርድ ቤት ፍቺውን እስኪወስን ድረስ ነው። ዱላ ሸሽታ ዘመድ ቤት የከረመች ሴት በሕግ ፊት ባለትዳር ናት። ያላትን ለማን እንደምትተው በራሷ እጅ ጽፋ መናዘዝ ትችላለች፤ ልጆቿን ግን በሕይወት ካለ አባታቸው ሞግዚትነት በኑዛዜ ልታወጣቸው አትችልም።

ተረት፦ ፈረንጆቹ ይህን ድሮ ጨርሰውታል።

ብሪታኒያ ገና ትናንት ነው። ጄድ ዋርድ የአራት ልጆች እናት ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ዌልስ ውስጥ ባሏ ገደላት። ከተፈረደበት በኋላም በልጆቹ ላይ የወላጅነት ሥልጣኑ አልተነሳም ነበር። ቤተሰቧ ሲታገሉ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደቀው ሕግ ነገሩን ገለበጠው። የልጆቹን ሌላ ወላጅ በመግደል የተፈረደበት ሰው ሥልጣን ቅጣቱ ሲነገር እንዲታገድ፣ ከዚያ የቤተሰብ ፍርድ ቤት እንዲመረምረው ያዝዛል። እሱም ቢሆን የሚጠብቀው ፍርድን ነው።

የእኛ ማሻሻያ ከክሱ ቢጀምር እመርጣለሁ። ዐቃቤ ሕግ ወላጅን በመግደል ክስ ሲመሠርት ለቤተሰብ ችሎት ያሳውቅ፤ የተከሳሹ አሳዳሪነትና ሞግዚትነት ይታገድ፤ ችሎቱ ጊዜያዊ ሞግዚት ይሹም። «ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ?» የሚል ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እግዱ ይነሣለታል፤ ጊዜያዊው ሞግዚትም የልጁን ንብረት ቆጥሮ ያስረክበዋል።