የመጨረሻዋ መልእክት፦ ደህንነቱ የተጠበቀ የኔትወርክ ግንኙነት እንዴት ይዘጋል?

ደህንነቱ የተጠበቀ የኔትወርክ ግንኙነት ማለት ሁለት ኮምፒውተሮች በመካከላቸው የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው የሚነጋገሩበት መስመር ነው። የስልክ መተግበሪያ ከባንክ ሰርቨር ጋር፣ ብሮውዘርም ከድረ ገጽ ጋር የሚነጋገረው በዚህ ዓይነት መስመር ሲሆን፣ የሚመራበት ሥርዓት ቲኤልኤስ ይባላል። ግንኙነቱ ሲከፈት የሚካሄደው ማንነትን የማረጋገጥና ቁልፍ የመለዋወጥ ሥራ በየመማሪያ መጽሐፉ በሰፊው ይተነተናል። መዝጊያው ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ኮድ ይታለፋል። ይህች አንድ መስመር በግዴለሽነት ስትጻፍ ሰርቨር ያለ ምክንያት የፈዘዘ ይመስላል፤ ሙሉ ነው የተባለ ፋይልም ተቆርጦ ይደርሳል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚያሳስበው ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ነው። ደልጊ በጣና ሐይቅ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት፤ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ሲመላለስ የኖረው ጀልባ ከሚያርፍባቸው ወደቦችም አንዷ ነች። ከዚያ ሆኖ ባሕር ዳር ላለ ደንበኛው በስልኩ ገንዘብ የሚልክ ነጋዴ፣ ስልኩ አዲስ አበባ ካለ የባንክ ሰርቨር ጋር የሚያደርገው ግንኙነት በሦስት መንገድ ሊያበቃ ይችላል። ወይ በሥርዓት ይዘጋል፤ ወይ አንደኛው ወገን በድንገት ይቆርጠዋል፤ ወይም ሲግናል ጠፍቶ ሁለቱም ሳያውቁት መስመሩ ይሞታል። ሦስተኛው ዓይነት ከወደብ እየራቀ በሚሄድ ጀልባ ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። የመዝጊያው ኮድ የሚፈተነውም በዚሁ በሦስተኛው ነው።

ቲኤልኤስ ብቻውን አይቆምም፤ ቲሲፒ በሚባለው የቆየ ሥርዓት ላይ ተደርቦ ይሠራል። መሠረታዊ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ቲሲፒ ዳታውን በፓኬት በፓኬት ከፋፍሎ በቅደም ተከተል ያደርሳል፤ የሚልከው ሲያልቅበት ደግሞ ፊን የሚባል ምልክት ይሰዳል። ችግሩ ፊን አይመሰጠርም፤ ከማን እንደመጣ የሚያረጋግጥ ማኅተምም የለውም። የአንድ ሻይ ቤት ዋይፋይ በእጁ ያደረገ ተንኮለኛ ሐሰተኛ ፊን አዘጋጅቶ ሊልክ ይችላል። አንድ መሥሪያ ቤት የ40 ሠራተኞችን የክፍያ ዝርዝር እየላከ ነው እንበል። ከ28ኛው ስም በኋላ ሐሰተኛው ፊን ይደርሳል። ተቀባዩ ፕሮግራም በፊን ብቻ የሚያምን ከሆነ «ፋይሉ አለቀ» ብሎ የ28 ሰው ዝርዝር ያስቀምጣል። ምስጠራው አልተሰበረም፣ አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ 12 ሠራተኞች ግን ከዝርዝሩ ወጥተዋል። ይህ የመቁረጥ ጥቃት ይባላል።

ኔትስኬፕ የተባለው የብሮውዘር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣው የቲኤልኤስ ቀዳሚ፣ ኤስኤስኤል 2.0፣ ለዚህ ጥቃት መከላከያ አልነበረውም። በዓመቱ የተከተለው ኤስኤስኤል 3.0 ክሎዝ ኖቲፋይ የተባለች የመዝጊያ ማስታወቂያ ይዞ መጣ። እሷም እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ቲኤልኤስ 1.0 ጀምሮ በ2018 እስከጸደቀው ቲኤልኤስ 1.3 ድረስ ዘልቃለች። ማስታወቂያዋ በጣም ትንሽ ናት። ይዘቷ 2 ባይት ብቻ ሲሆን፣ አንዱ የማስጠንቀቂያውን ደረጃ፣ ሌላው ዓይነቱን የሚያመለክት ዜሮ ቁጥር ነው። በቲኤልኤስ 1.3 በተለመደው የኤኢኤስ ጂሲኤም ምስጠራ ተጠቅልላ ስትወጣ ራስጌዋንና ማኅተሟን ጨምሮ 24 ባይት ትሆናለች። ቁልፉ ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች እጅ ስለማይወጣ ሦስተኛ ወገን እሷን አስመስሎ ሊሠራ አይችልም። በስልክ ሲያወሩ የቆዩ ሁለት ሰዎች «ደህና ሁን» ተባብለው ሲዘጉና ወሬው መሃል ላይ መስመሩ ሲቋረጥ ያለው ልዩነት፣ ክሎዝ ኖቲፋይ በመጣበትና ባልመጣበት መዘጋት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የመቁረጥ ጥቃት በወረቀት ላይ የቀረ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ቤን ስሚዝና አልፍሬዶ ፒሮንቲ የተባሉ ተመራማሪዎች ግንኙነትን በመቁረጥ ብቻ ታዋቂ የድረ ገጽ አገልግሎቶችን ማታለል እንደሚቻል አሳዩ። ተጠቃሚው ከአካውንቱ ለመውጣት ሲጫን ትእዛዙ ሰርቨሩ ዘንድ ሳይደርስ እንዲቆረጥ ያደርጋሉ፤ ገጹ ግን የወጣ ያስመስለዋል። ሰውየው ወጥቻለሁ ብሎ ሲሄድ አካውንቱ ክፍት ይቀራል። አንድ ኮምፒውተር በቀን ብዙ ሰው በሚፈራረቅበት ኢንተርኔት ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም።

እንግዲህ ማስታወቂያዋን መላክ ግዴታ ነው። መልሷን መጠበቅስ? ደንቡ እስከ ቲኤልኤስ 1.2 ድረስ ማስታወቂያ የደረሰው ወገን ሊልክ ያሰበውን ሁሉ ትቶ ወዲያው የራሱን ማስታወቂያ እንዲመልስ ያዛል። ቲኤልኤስ 1.3 ይህን አላልቶታል፤ እያንዳንዱ ወገን የሚዘጋው የራሱን የመላኪያ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ሌላው የጀመረውን መልእክት ሊጨርስ ይችላል። በሁለቱም ዘንድ ግን መዝጋት የጀመረው ወገን የሌላውን ማስታወቂያ ቆሞ እንዲጠብቅ አይገደድም። ብዙ ፕሮግራመሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መልሱ ካልመጣ መዝጋቱ ያልተፈጸመ ይመስላቸዋል።

መልሱን መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል የሚወሰነው በኮዱ አጻጻፍ ነው። ሲንክሮነስ የሚባለው አጻጻፍ አንዱ ሥራ ሳያልቅ ቀጣዩ የማይጀምርበት ነው። ፕሮግራሙ ዝጋ የሚለውን ተግባር ይጠራል፤ ተግባሩ እስኪመለስ ድረስ ሥራውን የያዘው የአፈጻጸም መስመር፣ ፕሮግራመሮች ትሬድ የሚሉት፣ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ይህ አጻጻፍ ለማንበብም ስህተት ለመፈለግም ቀላል ነው፤ ኮዱ ከላይ ወደ ታች እንደ ተጻፈ ይፈጸማልና። አሲንክሮነስ በሚባለው አጻጻፍ ግን ትሬዱ ሥራውን አስጀምሮ ወደ ሌላ ጉዳይ ይሄዳል፤ ውጤቱ ሲደርስ ይነገረዋል። ሲንክሮነሱ እዚህ ላይ የሚነቀፈው፣ ለጥበቃው ወሰን ካልተበጀለት እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ስለማያውቅ ነው።

ከደልጊ የሚወጣው ጀልባ ላይ ያለው ስልክ ምላሹን እየተቀበለ ሳለ ሲግናል ጠፋበት እንበል። ሰርቨሩ ክሎዝ ኖቲፋይ ልኮ መልስ መጠበቅ ይጀምራል። ማስታወቂያዋ ስልኩ ዘንድ ካልደረሰች፣ ከስር ያለው ቲሲፒ ደጋግሞ ይልካታል። ከርነል የሚባለው የሊኑክስ እምብርት በመነሻ ቅንብሩ 15 ጊዜ ይሞክራል፤ በየሙከራው መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ስለሚሄድ ተስፋ የሚቆርጠው በግምት ከ924 ሰከንድ፣ ማለትም ከ15 ደቂቃ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ማስታወቂያዋ ደርሳ፣ መድረሷም በቲሲፒ ተረጋግጦ፣ ከዚያ ስልኩ ከጠፋ ደግሞ የባሰ ነው። ቲሲፒ የሚልከው ስለሌለው ዝም ይላል፤ ትሬዱም ያለ ገደብ ቆሞ ይቀራል። መስመሩ ሕያው መሆኑን የሚፈትሸው ኪፕአላይቭ እንኳ ካልከፈቱት አይሠራም፤ ቢከፈትም በሊኑክስ የመጀመሪያውን ፍተሻ የሚልከው በመነሻ ቅንብሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው። 200 ትሬድ ያለው ሰርቨር 200 ስልኮች በዚህ መልክ ቢጠፉበት፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ አዲስ ደንበኛ የሚያስተናግድ አይኖረውም። ኃላፊዎች ማሽኑ አነሰ ብለው ሌላ ይገዛሉ፤ ችግሩ ግን አብሮ ወደ አዲሱ ማሽን ይሄዳል።

መፍትሔው ሲንክሮነሱን መተው አይደለም፤ ለጥበቃው ጊዜ መቁረጥ ነው። በስፋት የሚሠራበት ኦፕን ኤስኤስኤል የተባለው ላይብረሪ ኤስኤስኤል ሻትዳውን የሚል ተግባር አለው። ሲጠራ 1 ከመለሰ ሁለቱም ወገኖች ማስታወቂያ ተለዋውጠዋል። 0 ከመለሰ የራስ ማስታወቂያ ወጥቷል፤ የሌላው ግን ገና አልመጣም። ይህ ዜሮ ስህተት አይደለም፤ የስህተት መመርመሪያውን ተግባር በዚህ ጊዜ መጥራት የሌለ ስህተት ያሳያል ሲል የላይብረሪው መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል። ከዜሮ በታች ከሆነ ግን መመርመር ያስፈልጋል። የሌላውን ማስታወቂያ መጠበቅ የሚፈልግ ፕሮግራም ተግባሩን ሁለተኛ ይጠራል፤ ከዚያ በፊት ግን በሶኬቱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ግንኙነቱን በያዘበት ጫፍ፣ ላይ የመላኪያና የመቀበያ የጊዜ ገደብ መቀመጥ አለበት። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ገደቡ ሲያልፍ ሶኬቱ ይዘጋል፤ ትሬዱም ነጻ ይወጣል። ቀደም ሲል ከባድ ስህተት በደረሰበት ግንኙነት ላይ ግን ይህን ተግባር ጨርሶ መጥራት አይገባም።

ላይብረሪዎቹ ይህን የሚይዙበት መንገድ ይለያያል። የጎ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ማስታወቂያዋን ለመላክ የ5 ሰከንድ ገደብ አበጅቶ ይልካትና መልስ ሳይጠብቅ ይዘጋል፤ ለአብዛኛው ሥራ የሚበጀው ይህ አካሄድ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የሚጽፉ ሰዎች የሚገለገሉበት ቡስት ኤዚዮ ግን ሲንክሮነስ በሆነው የመዝጊያ ተግባሩ ላይ የጊዜ ገደብ ማስገቢያ አልሰጠም። እዚያ ያለው መውጫ አሲንክሮነሱን ተግባር ከሰዓት ቆጣሪ ጋር አስጀምሮ፣ ከሁለቱ ቀድሞ የሚመጣውን መጠበቅ ነው። ለጠሪው ኮድ ያው ሲንክሮነስ ሆኖ ይታየዋል፤ ጥበቃው ግን ወሰን አለው።

ሌላም በቀላሉ የማይታይ ወጥመድ አለ። ሰርቨሩ የመጨረሻውን ምላሽና ማስታወቂያዋን ልኮ ወዲያው ሶኬቱን ይዘጋል። ከስልኩ የመጣ ያልተነበበ ዳታ በመቀበያው ማቆያ ውስጥ ካለ፣ ከርነሉ በፊን ፋንታ አርኤስቲ የሚባለውን የማቋረጫ ምልክት ይልካል። አርኤስቲ የደረሰው ስልክ ገና አንብቦ ያልጨረሰውን ዳታ ሊያጣ ይችላል። በዚህም «ክፍያዎ ተፈጽሟል» የሚለው ምላሽ ስልኩ ውስጥ ገብቶ ሳለ ሳይነበብ ይጠፋል። ጉዳዩ ቲኤልኤስ 1.3 ከመጣ ወዲህ ከደንበኛውም በኩል ብሷል። በዚህ ሥርዓት ሰርቨሩ ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ለቀጣይ ጊዜ የሚያገለግሉ ትኬቶችን ስለሚልክ፣ ጽፎ ብቻ ሳያነብ የሚዘጋ ደንበኛ ሳያውቀው ያልተነበበ ዳታ ትቶ ይሄዳል። ጥንቁቁ ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ክሎዝ ኖቲፋይ ይላካል፤ ቀጥሎ የቲሲፒው የመላኪያ አቅጣጫ ብቻ ይዘጋል፤ ከዚያ በተቆረጠው ጊዜ ውስጥ ከወዲያ ወገን የሚመጣው ሁሉ እስኪያልቅ ይነበባል፤ በመጨረሻ ሶኬቱ ይዘጋል። በሊኑክስ ላይ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄም ያሻል። ወዲያኛው ወገን አስቀድሞ በዘጋው ሶኬት ላይ ማስታወቂያ ለመጻፍ መሞከር ሲግፓይፕ የተባለ ምልክት ሊያስነሳ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ይህን ምልክት ችላ እንዲል ካልተደረገ እዚያው ይገደላል።

ማስታወቂያዋ ሳትመጣ ፊን ብቻ ሲደርስ ተቀባዩ ምን ያድርግ? ኦፕን ኤስኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ይህን ያልተጠበቀ ፍጻሜ ብሎ በግልጽ ስህተትነት ያስታውቃል። አንዳንዶች ማስጠንቀቂያውን በቅንብር ያጠፉታል። የመልእክቱ ርዝመት አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ፣ በኤችቲቲፒ እንደተለመደው የባይቱ ቁጥር በራስጌው ላይ ከተገለጸ፣ ተቀባዩ ቆጥሮ ሙሉ መሆኑን ስለሚያረጋግጥ ማጥፋቱ ብዙ አይጎዳም። የመልእክቱ መጨረሻ የሚታወቀው በግንኙነቱ መዘጋት ብቻ ከሆነ ግን ማስጠንቀቂያውን ማጥፋት የ28ቱን ሰዎች ዝርዝር እንደ ሙሉ መቀበል ነው።

ገንዘብን በሚመለከት ደግሞ ከዚህም አልፎ መሄድ ያስፈልጋል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል በትናንሽ ከተሞችም ተለምዷል። በኮከብና በመሰላል ምልክት በሚደወሉ አጭር ቁጥሮች የሚሠራው አገልግሎት በኢንተርኔት ስለማይሄድ ከስልኩ የሚነሳ የቲኤልኤስ ግንኙነት የለውም፤ በመተግበሪያ በኩል ለሚደረገው ክፍያ ግን እዚህ የተነሳው ሁሉ ይመለከተዋል። መዝጋቱ አለመሳካቱ ክፍያው አለመሳካቱን አያሳይም፤ መሳካቱም ክፍያው መፈጸሙን አያረጋግጥም። በዚህ ምክንያት እያንዳንዱ የክፍያ ጥያቄ ከስልኩ ሲነሳ የራሱን መለያ ቁጥር መያዝ አለበት። ነጋዴው ምላሽ ሳያይ ቀርቶ እንደገና ቢጫን፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ «ይህ ተከፍሏል» ይላል እንጂ ሁለተኛ አይቀንስም።

በአገራችን የባንክና የክፍያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች እነዚህን ነገሮች ከደንበኛው በፊት ሊያዩዋቸው ይገባል። ሙከራው ውድ አይደለም። በሙከራ ሰርቨር ላይ ግንኙነት ተከፍቶ ሥራ እየተሠራ ሳለ ፋየርዎሉ የአንዱን ደንበኛ ፓኬቶች በዝምታ እንዲጥል ማዘዝ፣ ከዚያ የመዝጊያው ተግባር በስንት ሰከንድ እንደሚመለስ መለካት ነው። በጥቂት ሰከንድ ከተመለሰ ኮዱ ለደልጊ ወደብ ዝግጁ ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላም ካልተመለሰ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት ይታረም።