ቶሙ ኢታንግ፣ ኪቦርዱ አዲስ አበባ፦ በስልክ አንድ ዘፈን መሥራት

ቶም የሚባለውን የአኙዋኮች የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወተው ሰው ኢታንግ ነው እንበል። ድምፃዊቷ ጋምቤላ ከተማ፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ አዲስ አበባ ናቸው። ሳይገናኙ፣ ጎን ለጎን የሚታዩበትን ቪዲዮ መሥራት ይችላሉ። ስቱዲዮ አያስፈልግም።

«በቪዲዮ ጥሪ አብረን ብንጫወትስ?» ይሉ ይሆናል። አይሆንም፤ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ለወሬ አያስቸግርም፣ ምትን ግን ያፈርሳል። ስለዚህ ሁሉም ለየብቻው ይቀረጻል፣ ኋላ ይገጣጠማል። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ዊታከር በ2010 እ.ኤ.አ. ከ12 አገሮች 185 ዘማሪዎችን ያዘመረው እንዲሁ ነው።

መጀመሪያ መሪ ቅጂ ይሠራል፤ ሌሎቹ እየሰሙ የሚከተሉት ድምፅ ማለት ነው። ብዙ ሰው ከኪቦርድ ይጀምራል። እኔ ከቶሙ ይጀመር እላለሁ። ቶም በሳጥኑ ላይ የተደረደሩ ምላሶች አሉት፤ በጣት ሲነኩ ይጮኻሉ፤ ቃናቸውን ለመቀየር ምላሶቹን አንድ በአንድ ማስተካከል ግድ ነው። ኪቦርዱ ግን በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። የሚቀለው ይከተል።

ቶም ተጫዋቹ በጆሮው ሜትሮኖም ይስማ፤ ምት የሚቆጥር ነፃ መተግበሪያ ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ በአራተኛው ያጨብጭብና ይጀምር። ሲጨርስም እንዲሁ ቆጥሮ ያጨብጭብ።

ሌሎቹ እያንዳንዳቸው ሁለት ስልክ ይፈልጋሉ፤ አንዱ መሪውን ቅጂ ያሰማል፣ ሌላው ይቀርጻል። ሁለተኛውን ከጎረቤት ይዋሱ። ኢርፎኑ ባለ ገመድ ይሁን፤ የብሉቱዝ ድምፅ ስለሚዘገይ ዘፋኙም አብሮ ይዘገያል። ጭብጨባው ሲመጣ እነሱም አብረው ያጨብጭቡ።

የሚቀርጸውን ስልክ አግድም ያቁሙት፣ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ያድርጉት። ጠዋት ይቅረጹ፤ የኢታንግ ሙቀት ሲበረታ ስልክ ግሎ ሊያቋርጥ ይችላል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ከጀመረ ግን አይድከሙ፣ እስኪያባራ ይጠብቁ።

ወጪው ያለው ዳታው ላይ ነው። በ720 ጥራት የተቀረጸ ቪዲዮ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። የአራት ደቂቃ ዘፈን 240 ሆነ ማለት ነው። በ1080 ቢቀርጹ እጥፍ ይሆናል፤ ስክሪኑን ለሦስት ስለምትካፈሉት 720 ይበቃል። መጀመሪያ ድምፁን ብቻ ተላላኩ፤ ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ስህተት ካለም በርካሽ ይታወቃል። ቪዲዮውን በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል።

መግጠሙ ካፕከትን በመሰለ የስልክ መተግበሪያ ይሠራል። ቪዲዮዎቹን አንዱን ከሌላው በታች ይደርድሩ። በድምፁ ሥዕል ላይ ጭብጨባው እንደ ሹል ጫፍ ይታያል፤ ጫፎቹን አንድ መስመር ላይ ያምጧቸው። ከዚያ የመጨረሻውን ጭብጨባ ይዩ። ካልገጠመ አንዱ ቪዲዮ በመንገድ ተንሸራቷል፤ ዘፈኑ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ቆርጠው በጥቂቱ ይግፉት።

አንዳንድ መተግበሪያ ሲጨርሱ ክፍያ ይጠይቃል ወይም ዓርማውን ይለጥፋል። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት የአሥር ሰከንድ ሙከራ ሠርተው እስከ መጨረሻው ያስወጡ።