ኪሳራው የማን ይሆናል? በሐረር ከተማ አዲስ ሥራ ስለሚቋቋምበት ገንዘብ

ስለ ከተማ ኑሮ መሻሻል በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ «ስታርታፕ» የሚባለው ቃል በዛሬው ጊዜ ደጋግሞ ይሰማል። ቃሉ ባዕድ ይሁን እንጂ ነገሩን ማስረዳት አያስቸግርም። በታወቀ ገበያ ሱቅ የሚከፍት ሰው ጎረቤቱ ሠርቶ ሲያተርፍ አይቷልና ትርፉን አስቀድሞ ሊገምት ይችላል። ስታርታፕ የተባለው ጀማሪ ድርጅት ግን ማንም በዚያ ቦታ ያልሞከረውን መፍትሔ ይዞ የሚነሣ፣ ከቀናው በብዙ ከተማ የሚስፋፋ፣ ካልቀናው ግን የገባበት ገንዘብ ሁሉ የሚቀልጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ እንዲህ ያለ ሥራ በሐረር ቢጀመር ገንዘቡ ከየት ሊገኝ እንደሚችል፣ ይልቁንም ሥራው ቢከስር ኪሳራውን ማን እንደሚሸከመው ነው።

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሠሩት ግንብ ተከቦ የሚገኘው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ያህል ነው። በ1998 ዓ. ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ጎብኚ ሁሉ የሚያደንቀው በሮቹንና መስጊዶቹን ነው፤ እኛ ግን ስለ ከተማ ጽዳት ለሚያስብ ሰው ከነዚህ ይልቅ በግንቡ ሥር ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የበለጠ ትምህርት የሚሰጡ ይመስሉናል። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሏቸዋል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጅቡ በሌሊት በዚያ ገብቶ አጥንቱንና የምግቡን ትራፊ ጠርጎ ይሄዳል። ከተማው ለዚህ አገልግሎት የሚከፍለው ደመወዝ አልነበረም። ነገር ግን ጅብ ፕላስቲክ አይበላም። በጀጎል ጠባብ መንገዶች ደግሞ አህያና የእጅ ጋሪ እንጂ ትልቅ የቆሻሻ መኪና አይዘልቅም። ስለዚህ አሮጌው መፍትሔ ካልበቃ ሌላ መፈለግ ግድ ሆኗል።

የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ለመስኖና ለከተሞቹ ያለ ልክ ሲቀዳ፣ ከተራራው የሚታጠበውም አፈር ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃ ተመልሶ ቢታይበትም፣ ከተማዋ ግን ፊቷን ወደ ድሬ ዳዋ ቆላ ማዞር ነበረባት፤ ድሬ ጃራ ከተባለው ስፍራ ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ በፓምፕ ተገፍቶ ዳገቱን ይወጣል። ለዚህ ሥራ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ሰጥቷል። በአዲስ አበባም በረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ በ2010 ዓ. ም. ሲመረቅ ወደ 120 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደ ፈጀ ተነግሯል። ከዚህ የምንረዳው፣ ለትልቁ ሥራ መንግሥት ተበድሮም ሆነ ለምኖ ገንዘብ እንደሚያገኝ ነው። ጋሪ ወይም አንድ ባጃጅ ለመግዛትም ቢሆን ዕቁብ አለ። የሚቸገረው በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በሐረርና በአወዳይ ገበያ በየቀኑ ከሚጣለው ነገር ብዙው የጫት ገራባ ነው። ፍየል የተወሰነውን ይበላዋል፤ የቀረው ይበሰብሳል። ገራባውን አድርቆ፣ አየር እንደ ልብ በማይገባበት በርሜል ውስጥ አክስሎ፣ ዱቄቱን በሸክላ አፈር ወይም በሙጫ ለውሶ ቢጨምቁት ለምድጃ የሚሆን ከሰል ይወጣዋል። አሠራሩ በብዙ አገር የታወቀ ስለ ሆነ የሚያስቸግረው ጥበቡ አይደለም። የሚያስቸግረው መጨመቂያ መኪናው፣ በክረምት ገራባው የሚደርቅበት ዳስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐረር የቤት እመቤት የእንጨት ከሰሏን ትታ አዲሱን እስክትለምድ ድረስ ለሠራተኞች የሚከፈለው ደመወዝ ነው። ይህ ስንት ወር እንደሚፈጅ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ዕቁብ ይህን ይችላልን? ለምሳሌ 30 ሰዎች በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 15,000 ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው የራሱ 500 ብር ሲነሣ 14,500 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ደግሞ ያንኑ ያህል ያለ ወለድ አበደረ። ዘዴው እጅግ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ባለ ዕጣው ገንዘቡን ሲወስድ ዋስ ይጠራል፤ በማግስቱ ሳምንትም መክፈል ይጀምራል። የከሰሉ መሥሪያ ዳስ ገና ሳይከደን 500 ብሩ ይጠበቃል ማለት ነው። ቢከስርም ዋሱ ይከፍላል እንጂ ዕቁቡ አይከስርም።

በሐረር ከዕቁብ ሌላ አፎቻ አለ። አፎቻ ሐረሪዎች ለሠርግና ለሐዘን የሚረዳዱበት ማኅበር ሲሆን፣ የወንዶቹና የሴቶቹ ለየብቻ ነው። ፒተር ኮንና ሲድኒ ዋልድሮን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን በ1978 እ. ኤ. አ. ባሳተሙት ጥናት አፎቻን በሕዝቡና በአስተዳደሩ መካከል እንደ ድልድይ አድርገው አይተውታል። አንዳንድ ጓደኞቻችን የአፎቻው ገንዘብ ለወጣቶች አዲስ ሥራ ቢውል ምን አለበት ይላሉ። እኛ አንስማማም። ለቀብር የተጠራቀመ ገንዘብ ለሙከራ ቢውልና ቢጠፋ፣ የሚጎዳው ሥራውን የጀመረው ወጣት ብቻ ሳይሆን በሐዘን ቀን ባዶ እጇን የምትቀር እናት ናት። ነገር ግን አፎቻ ከገንዘቡ የሚበልጥ ሌላ ሀብት አለው፤ አባላቱ ማን ቃሉን እንደሚያከብርና ማን እንደማያከብር ያውቃሉ። ይህን ዕውቀት ማንኛውም ባንክ በገንዘብ ሊገዛው አይችልም።

ባንክ መያዣ ይጠይቃል። በ2011 ዓ. ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከቤትና ከመሬት ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትም፣ ማለት መኪና፣ ከብት፣ የተከማቸ ዕቃ፣ መያዣ ሊሆን እንዲችል ፈቅዷል። መልካም እርምጃ ነው፤ ሆኖም የሚጠቅመው ቀድሞ ንብረት ላለው ነው። በሐረር ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከሕዝቡ መካከል ብዙ ሰዎች እስላም እንደ መሆናቸው መጠን ወለድ ያለበትን ብድር አይሹም። በ2013 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ ያለ ወለድ ሊሠራ የተቋቋመው ይህንኑ ፍላጎት በማየት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። በእስልምና ሕግ «ሙዳረባ» የሚባል የሽርክና ውል አለ። በውሉ መሠረት አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ድካሙንና ዕውቀቱን ያወጣል። ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል፤ ሠራተኛው ሳያጠፋ ሥራው ቢከስር ግን ገንዘቡ የጠፋው ከባለ ገንዘቡ ነው፤ የሠራተኛው ድካሙ ብቻ ይቀርበታል። ይህ ዛሬ በውጭ አገር ባለ ሀብቶች ስታርታፕ ሲያቋቁሙ ከሚዋዋሉት ጋር በመሠረቱ አንድ ነው። ለደገኛውም ባዕድ አይደለም፤ ላሙን ለሌላ ሰው በርቢ የሰጠ ባላገር ላሟ ያለ ጠባቂው ጥፋት ብትሞት ዋጋዋን አይጠይቅም። ታዲያ ከወለድ ነጻ የሆኑት ባንኮች በዓለም ዙሪያ በብዛት የሚሠሩት በሙዳረባ ሳይሆን «ሙራበሓ» በሚባለው ነው። ይኸውም ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፍ ጨምሮ በየጊዜው በሚከፈል ዕዳ የሚሸጥበት ውል ነው። ወለድ የለበትም፤ ዕዳነቱና መያዣው ግን አለ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ባንኩ ሠራተኛው በእውነት ከስሮ እንደ ሆነ ወይም ትርፉን ደብቆ እንደ ሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ባንክ የጎደለው ይህ ዕውቀት በሰፈሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ በእኛ አስተሳሰብ፣ ከሐረር ነጋዴዎችና በውጭ አገር ከሚኖሩት ሐረሪዎች የሚዋጣ፣ ከአፎቻው ሣጥን ፈጽሞ የተለየ የሙዳረባ ገንዘብ ቢቋቋም ይሻላል። አዋጪዎቹም ሊጠፋ የሚችለውን ገንዘብ ብቻ እንዲያዋጡ በግልጽ ይነገራቸው። የአፎቻው ሽማግሌዎች ስለ ሰውየው ጠባይ ይመስክሩ፤ የሒሳብ ዐዋቂ ደግሞ መዝገቡን በየሦስት ወሩ ይመርምር፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ፣ ገራባውን ከገበያ ለሚያነሣው ድርጅት በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ የሁለት ዓመት ውል ቢፈርም፣ ያ ውል ለባለ ገንዘቦቹ ከብዙ ምክር የበለጠ መተማመኛ ይሆናቸዋል። ከሰሉ እስኪለመድ ድረስ ደመወዙ ከጽዳቱ ዋጋ ይወጣል። የውሉ ዘመን ሁለት ክረምት እንዲያካትት ያስፈልጋል፤ ገራባ በዝናብ ወራት አይደርቅምና፣ በበጋ ብቻ የተፈተነ ሥራ እንደሚያዋጣ ወይም እንደማያዋጣ ሊታወቅ አይችልም።