በላ ልበልሃ፣ ደላላው!

በአማራ ክልል የመጨረሻው የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት የተወለደ የሰሜን ሸዋ፣ የመንዝ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። ተስፋው አባቱ ከገብስ ማሳው ቆርሶ የሚሰጠው ብቻ ነው፤ ወንድሞች ካሉት እሱም አይደርሰውም። «አዲስ አበባ፣ ካልሆነም አረብ አገር» የሚባለው ነገር የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ጉዞውን የሚያመቻቸው ደላላ ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ አታላይ አይደለም። የእድር አባል ሊሆን ይችላል፤ ቀድማ የሄደች የአክስት ልጅም ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ «አትሂዱ፣ ትሞታላችሁ» የሚል ድራማ ታዳሚውን አስለቅሶ ቢሸኝም የቤቱን ሒሳብ አይነካም። በሬው ተሽጧል፣ ብድሩም ተወስዷል።

ብራዚላዊው የትያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ያስተማረው መድረክ ሌላ ነው። ተዋንያኑ ታሪኩን እስከ መጥፎ ፍጻሜው ተጫውተው እንደገና ይጀምሩታል። በሁለተኛው ዙር ከታዳሚው አንዱ «ቁም!» ብሎ ይነሣል፣ በተበዳዩ ቦታ ገብቶም ይሞግታል። ቦአል ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጄኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ሳለ፣ ከእንዲህ ዓይነት መድረክ የፈለቁ 13 ሕጎች ጸድቀዋል።

የጥንቱን የሙግት ሥርዓት፣ በላ ልበልሃን፣ የሚያውቅ ሰው ይህ አይደንቀውም። ድሮ የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው «ፍረደን» ይሉ ነበር። ተሟጋቹ ዱላውን ይዞ፣ ቃሉን በዜማ እየደረደረ ሲወራጭ፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ተመልካችም ፈራጅም ነበር። ትያትርንና ሕግን ያገናኘ ሰውም ከዚሁ ከሸዋ ወጥቷል፦ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም። «ፋቡላ» የተሰኘው የአውሬዎች ተውኔታቸው ሹማምንትን ነካና ታገደ፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው።

የስደት ሕጎቻችን ግን ባለጉዳዩን የሰሙ አይመስሉም። በጥቅምት 2006 ለቤት ሠራተኝነት ወደ ውጭ መሄድ ታገደ። በተከታዮቹ ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመለሱ። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ደግሞ ስምንተኛ ክፍል ያላጠናቀቀ አይሂድ አለ፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ተሻሻለ። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጠች የግሼ ልጅ አዋጁ ሳይጸድቅ መድረክ ላይ ብትጠየቅ ኖሮ፣ «ታዲያ እኔ በጅቡቲው ኦቦክ በኩል በጀልባ ልሂድ?» ማለቷ አይቀርም ነበር።

እኔ ብጠየቅ ትያትሩን የምጀምረው ከጉዞው ሳይሆን ከስደተኛዋ መመለስ ነው። ጎረቤት ገና ሳይስማት በዓይኑ ሻንጣዋን ይፈልጋል፦ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣች ልጅ ናት እንደገና የምትሄደው። ደግሞ ቁስሏን ራሷ ትጫወተው ማለት ግፍ ነው፤ ሌላ ሰው ይጫወትላት፣ እሷ «እንዲህ አልነበረም» ብላ ታርም።

ዛሬ በአካባቢው ሕዝብ ለመሰብሰብ ሰላሙ የለም። ሰላም ሲወርድ ግን መሐል ሜዳ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ በገበያ ቀን ለእንዲህ ያለ መድረክ አንድ ክብ ሜዳ አያጡም። የወረዳው የሥራና ክህሎት ኃላፊዎችም ይምጡ፤ የክብር ወንበር ግን አይዘጋጅላቸው።