ፕሪፖስተረስ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘዋቸው ከሚመጡት አስቸጋሪ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ፕሪፖስተረስ» የሚለው ነው። ልጁ ትርጓሜውን በጠየቀ ጊዜ ብዙ ሰው «የማይረባ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አተረጓጐም ፈጽሞ ስሕተት ነው ባይባልም የቃሉን ዋና ቁም ነገር ያስቀራል። ስለዚህ ሥሩንና አገባቡን ለወላጆች ባጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

ቃሉ የተገኘው ከላቲን ነው። በላቲን «ፕሬ» ማለት በፊት፤ «ፖስቴሩስ» ማለት ተከታይ ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ፤ ኋላ ሊሆን የሚገባው ፊት ሆነ ማለት ይሆናል። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1589 ዓ.ም. የታተመውና የጆርጅ ፐተናም ነው የሚባለው ስለ ቅኔ ጥበብ የሚናገር መጽሐፍ፤ ኋለኛውን ከፊተኛው የሚያስቀድመውን የአነጋገር ስልት በዚሁ ስም ጠርቶታል። ከዚያ ወዲህ ትርጓሜው እየሰፋ ሄዶ፤ ከማስተዋል ሥርዓት ወጥቶ የሚያስቅ ወይም የሚያስቈጣ ነገር ሁሉ የሚነቀፍበት ሆነ።

በቋንቋችን የሚቀርበው «የማይመስል ነገር» ማለት ነው፤ ይኸውም «የማይመስል ነገር ለሚስትህ አትንገር» በሚለው ተረት የታወቀ ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛው ቃል ከባድ ስለ ሆነ ለጥቃቅን ስሕተት አይነገርም። አንድ ሻጭ ለአንዲት እንስራ የበሬ ዋጋ ቢጠይቅ ዋጋው «ፕሪፖስተረስ» ይባላል፤ በሒሳቡ አንዲት ቍጥር የሳተ ልጅ ግን ተሳሳተ ይባላል እንጂ ይህ ቃል አይገባውም።

ከቃሉ ሥር የምናገኘው ትምህርት ለቤተ ሰብ ይጠቅማል። ይህን የሚናገር ሰው የትኛው ነገር ያለ ቦታው እንደ ቀደመ ሊያሳይ ይገባዋል። አባት የልጁን አሳብ ሲነቅፍ ምክንያቱን ቢያስረዳው ልጁ ማመዛዘንን ይማራል፤ ሳያስረዳ ቢዘልፈው ግን ዝምታን ብቻ ይማራል። ሳሕን ተሰብሮ በተገኘ ጊዜ ማን እንደ ሰበረው ሳይጠይቁ በቅርብ የተገኘውን ልጅ የሚቀጡ ወላጆች አሉ። በዚህ ጊዜ ቅጣቱ ምርመራውን ቀድሞታልና፤ ቃሉ የሚስማማው ለልጁ መልስ ሳይሆን ለወላጁ ፍርድ ነው።

እንግዲህ ይህን ቃል ከአንደበታችን ከማውጣታችን አስቀድሞ፤ በራሳችን ሥራ ፊተኛውና ኋለኛው በየቦታው መሆኑን እንመርምር።