ደወል በማይሰማበት ስፍራ፦ የመርከበኛ እምነትና ምግባር

(በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመምህራንና ለተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



አዳማ ላይ ቆሞ ስለ መርከበኛ መናገር እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ሆኖም በዚህ ፓርክ የሚሰፋው ልብስ ወደ ጅቡቲ ወርዶ ባሕር የሚሻገረው በመርከብ ነው። ለዚሁ ሙያ የሚዘጋጁ ወጣቶችም ሩቅ አይደሉም፤ በቢሾፍቱ የባቦጋያ አካዳሚ፣ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋም አለ።

የመርከበኛ ስም ብዙ ጊዜ ከመጠጥና ከዝሙት ጋር ተያይዞ ይነሣል። ይህ ፍርድ ሰውየውን እንጂ ኑሮውን አይመረምርም። በአገራችን የምእመን ምግባር ብዙ ደጋፊ አለው፦ ደወሉ፣ አዛኑ፣ የንስሐ አባቱ፣ የጎረቤት ዓይን። መርከበኛው ይህን ሁሉ በየብስ ትቶ ይሄዳል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከልዩ ልዩ አገር ሰዎች ጋር በሚቀርብበት ማዕድ ጿሚው እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሑድም ቢሆን ተራው ከደረሰ ከሞተር ክፍል አይቀርም። ለሙስሊሙ መንገደኛ ሶላትን ማሳጠር፣ የረመዳንንም ጾም በሌላ ቀን ማካካስ ተፈቅዷል፤ የጉዞን ክብደት ሃይማኖቱ ራሱ ያውቀዋል ማለት ነው።

ባሕር ግን እምነትን ብቻ አይፈትንም፤ ያሻግራልም። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የደረሱት የተሳፈሩባት መርከብ በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጠቅታ ባልደረቦቻቸው ከተገደሉ በኋላ ነበር። ሩፊኖስ እንደሚተርከው ፍሬምናጦስ ክርስቲያን ነጋዴዎችን ፈልጎ የጸሎት መሰብሰቢያ እንዲያበጁ አሳሰባቸው። የራቀ ሰው እምነቱን የሚጠብቀው ስፍራና ባልንጀራ ሲያገኝ መሆኑን ተረድቶ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነትም ይህን አልዘነጋም። በመርከብ የሚቀርበው ምግብ የሠራተኛውን ሃይማኖትና ባህል እንዲያገናዝብ፣ መርከበኛውም 12 ወር ሳይሞላው ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዲኖረው ይደነግጋል።

ስለዚህ ምግባርን ከመርከበኛው ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። አሠሪው ዕረፍቱን፣ ማዕዱንና የጸሎት ጊዜውን ያክብርለት። እኛ መምህራንም ሞተር ስናስተምረው፣ የሚያየው ሰው በሌለበት ራሱን እንዴት እንደሚጠብቅ አብረን እንምከረው። ባሕር ላይ የሚተርፈው በልማድ ሳይሆን በውሳኔ የተያዘ እምነት ነውና።