ታቦት በደጃቸው ሲያልፍ

በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ የሚገባ የውጭ አገር ሯጭ መጀመሪያ የሚፈትነው አየሩ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ሳንባ ቶሎ አይለምድም። ቀጥሎ የሚያስቸግረው የቀን አቆጣጠሩ ነው። የቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም ያለባት ይህች ከተማ እንደ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ ያሉ አትሌቶች ለልምምድ የመረጧት ስትሆን፣ በአገራቸው ብርዱ ሲበረታ እዚህ የሚሰነብቱ ብዙ ናቸው። ከአውሮፓ የመጣው እንግዳ የራሱን ገና ታኅሣሥ 16 ሲያከብር ጎረቤቶቹ ገና በነቢያት ጾም ላይ ናቸው፤ ወተትና እንቁላል ፍለጋ የገባበት ምግብ ቤት ሽሮና ምስር ያቀርብለታል። ጾሙ ተፈትቶ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ የጥምቀት ዋዜማ፣ ገሃድ፣ ይመጣል።

በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታም እንግዳ አታጣም። ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወስደውን ሐዲድ የዘረጉት ቻይናውያን ናቸው። ዓለም ገና ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው አይካ አዲስ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም የቱርኮች ሥራ ነበር።

እነዚህ እንግዶች የጥምቀትን በዓል የሚያዩት እንደ ቱሪስት አይደለም። ጎንደር ላይ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለተመልካች የእንጨት መቀመጫ ይሠራል፤ የመጣው ሁሉ ሊያይ እንደመጣ ያውቃል። በዙሪያ ከተሞቹ ግን ታቦቱ የሚያልፈው እንግዳው በተከራየው ቤት ደጅ ነው። ከበሩ ሲወጣ የሚያገኘው የቤት አከራዩን፣ የፋብሪካ ባልደረባውን፣ ዳቦ የሚገዛባትን ባለሱቅ ነው፤ ሁሉም ነጭ ለብሰዋል።

ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን ጠርገው ባንዲራ ይሰቅላሉ። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳሉ። ወጣቶቹ ከፊት ከፊት ምንጣፍ እየጠቀለሉ ያነጥፋሉ፤ መኪና ይቆማል፤ ሰው ይሰግዳል። ካህናቱና ምእመናኑ ታቦታቱ ባረፉበት ድንኳን ዙሪያ ያድራሉ፣ ሌሊቱን ይቀደሳል፣ ሲነጋ ውኃው ተባርኮ ይረጫል። እንግዳው የሚሳሳተው በዚሁ መካከል ነው። ፎቶ ለማንሣት ከፍ ያለ ቦታ ይወጣል፣ ወይም በተነጠፈው ምንጣፍ ላይ ይሻገራል። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ የነገረው ሰው ስለሌለ ነው። ደግነቱ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እናት ክንዱን ይዘው ወደ ዳር ያወጡታል። ከዚያ ወደ ቤት ይጠሩታል፣ ድፎ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ «አፈር ስሆን ብላ» የሚለውን ልመና ለማንም ማስተርጎም አያስፈልገውም።

ለባዕድ ዐይን ከሁሉ የሚከብደው የውኃው ነገር ነው። ችግሩ አዲስ አይደለም። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ኖሯል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሕዝቡ ወደ ውኃው ሲወርድ አይቶ በመጽሐፉ ጽፏል። ንጉሡ ስለ ሥርዓቱ ሐሳቡን ሲጠይቀው የመለሰው ያለ ይሉኝታ ነበር፤ በእርሱ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ጥያቄ ዛሬም በሰበታና በሱሉልታ እንግዶች አፍ አለ፤ «በየዓመቱ ትጠመቃላችሁ ወይ?» ይላሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው መልስ ግልጽ ነው። በዓሉ ክርስቶስ በዮርዳኖስ የተጠመቀበት መታሰቢያና በረከት መቀበያ እንጂ ዳግም ጥምቀት አይደለም። ይህን ከጎረቤቱ አፍ የሰማ እንግዳ ከዚያ ወዲያ የሚያየው ነገር ይለወጣል።

በአምቦ መንገድ ቡራዩ የሚኖር ደግሞ ከጥምቀት ወራት ቀደም ብሎ ሌላ በዓል ያያል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመልካ አቴቴ ኢሬቻ ይከበራል፤ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በውኃው ዳር ዋቃን ያመሰግናል። ሁለቱም ውኃ ዳር ስለሚከበሩ አንድ አድርጎ ማየት ይቀላል፤ ግን ስሕተት ነው። እያንዳንዱ የራሱ ባለቤትና የራሱ ምስጋና አለው፣ ለየብቻው ሊጠየቅና ሊደመጥ ይገባል።

ጥምቀት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ ሆኖ ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ በውጭ ይበልጥ ታውቋል። ይሁን እንጂ እዚሁ ለሚሠራ ሰው ዝናው ብቻ አይበቃም። በባሕር ማዶ አቆጣጠር ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ በሚገባው ዓመት ግን፣ እንደ 2016 ዓ.ም.፣ ወደ 20 ይዞራል። የመንግሥት በዓል ጥር 11 ብቻ ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን የሚገባው በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ ነው። ስለዚህ ሚካኤልን የሚያጅብ ሠራተኛ ጥር 12ም ፈቃድ ይጠይቃል። የውጭ አገር የሥራ ኃላፊ የፈረቃውን ሰሌዳ ከማውጣቱ በፊት የትኞቹ ሠራተኞች የየትኛው ደብር እንደሆኑ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ራሱ ወደ በዓሉ ያስገባዋል፤ «አንተስ አትመጣም?» ማለታቸው አይቀርምና።